«ተቀበል!» የሚል ሰው ከጠፋ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቂርያት መናሔም፣ ኢየሩሳሌም

በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው ሐሳብ አንድ ነው። ግጥሙንና ዜማውን ራሱ የሚያወጣ ወጣት የባላገር ዘፋኝ በሰፈራችን ሲዘፍን፣ እኛ ወጣቶቹ ሄደን በአካል ልናየው ይገባል። በስልክ መስማት አይበቃም። አይበቃም ስል ድምፁ አይጠራም ማለቴ አይደለም። በስልክ የሚሰማው ድምፅ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ብዙ ጊዜ ይሻላል። አይበቃም የምለው የአያቶቻችን አገር ዘፈን ሲሠራ ግማሹ ለሰሚው ተብሎ የተተወ ስለሆነ ነው። ሰሚው ድርሻውን ካልተወጣ ዘፈኑ ጎዶሎ ይሆናል። ይህንንም ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እዚህ እስራኤል በምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። ማሲንቆ ይዞ የሚዘፍነውን ሰው አማርኛ «አዝማሪ» ይለዋል። ዕብራይስጥ ደግሞ ዘፋኝን «ዛማር» ይላል። ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በዕብራይስጥ «ሚዝሞር» የምንለውን ቄሶቻችን በግዕዝ «መዝሙር» ይሉታል። እንግዲህ እኛ በዕብራይስጥ የተማርን ልጆች ይህን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን ማለት ነው። የሁለቱ ቃላት ዕድል ግን ተለያየ። «ዛማር» ሲባል ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርብ የተከበረ ሰው ይታየናል። «አዝማሪ» ግን በብዙ ቤት እንደ ስድብ ይነገራል። ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሙዚቃ ካበዛ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይባላል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው። ሆዱ ከእንጨት የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን ቆዳ ይለበጥበታል። አውታሩም የደጋኑ ገመድም የፈረስ ጭራ ነው። በአንድ አውታር ብቻ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉንና አንቺ ሆዬውን ማውጣት ይቻላል። እነዚህ አራቱ የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች ናቸው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው፣ በገና ደግሞ አሥር። ከሁሉም ያነሰ አውታር ያለው ማሲንቆ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከሁሉም የበለጠ ሥራ በግጥሙ ላይ የወደቀው።

ግጥሙ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ጓደኛ ስላለኝ፣ ምናልባትም ብዙዎቻችን ስለማናውቅ፣ በዝርዝር ልጻፈው። አዝማሪው የራሱን ግጥም እየዘፈነ ይቆያል። ከዚያ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «እቀበላለሁ!» ብሎ ማሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል። ሰውየው ወይም ሴትየዋ አንድ ስንኝ ትናገራለች። አዝማሪው ያንኑ ስንኝ በዜማ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ስንኝ ይነገረዋል፣ እሱንም ይመልሳል። ግጥሙ ቤት ሲመታ ሰው ሁሉ «እሰይ!» ይላል፣ ገንዘብም ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ግጥሙ ብዙ ጊዜ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ከሥር የተደበቀው። አንዱ እንግዳ ሌላውን እንግዳ ሊወጋው ይችላል፣ ሊያመሰግነውም ይችላል፣ ሊታረቀውም ይችላል። ሁሉም የሚተላለፈው በአዝማሪው አፍ ነው። ስለዚህ አዝማሪ ብቻውን ደራሲ አይደለም። አዳራሹ ሙሉ ደራሲ ነው።

ይህ ነገር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋዜጣ በሌለበት ዘመን ወሬውን ከገበያ ገበያ የሚያደርሰው አዝማሪ ነበር። ጌታውን ሲያወድስ ቆይቶ በአንድ ስንኝ ሊገሥጸው ይችላል። ጣሊያኖች ኢትዮጵያን በያዙ ጊዜ ይህን በሚገባ ተረድተውት ነበር። በ1937 አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ የመግደል ሙከራ ከተደረገበት በኋላ፣ እሱ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። መድፍና አውሮፕላን ያለው ጦር ባለ አንድ አውታር መሣሪያ የያዘን ሰው የፈራው ለምንድን ነው? ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው አብረው ግጥም ሲሠሩ ምን እንደሚከተል ስለገባው ነው። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሚሰማውን ዘፈን ማንም አይፈራም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ዓለም እንመልከት። አሜሪካኖች «ካንትሪ» የሚሉት የዘፈን ዓይነት አላቸው። ቃሉ ገጠር ማለት ነው፤ እኛ የባላገር ዘፈን እንደምንለው። ቴይለር ስዊፍት ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀች ዘፋኝ ናት፣ የጀመረችው ግን በካንትሪ ነበር። የመጀመሪያ አልበሟ በ2006 ሲወጣ ዕድሜዋ 16 ነበር፤ ልክ እንደኔ። የአልበሙን ዘፈኖች ሁሉ ወይ ራሷ ጽፋቸዋለች ወይ ከሌላ ሰው ጋር ሆና ጽፋለች። ከዚያ በፊት ናሽቪል በምትባለው ከተማ ብሉበርድ በሚባል ትንሽ ካፌ ውስጥ ዘፍናለች። ብሉበርድ በ1982 የተከፈተ፣ ዘፈን ጸሐፊዎች ጊታራቸውን ይዘው በሰው መሀል የሚቀመጡበት ቦታ ነው። እዚያ ሕጉ ዝምታ ነው። የሚያወራ ሰው «ሽሽሽ» ይባላል፣ ምክንያቱም ቃሉ እንዲሰማ ይፈለጋል።

ይህን ያነሣሁት ሁለት ነገር ለማለት ነው። አንደኛ፣ የገጠር ዘፈን ለወጣት አያፍርም፣ ወጣትም በገጠር ዘፈን ማፈር የለበትም። አሜሪካኖቹ የአያቶቻቸውን ጊታር ለ16 ዓመት ልጅ ሰጥተው ዓለም እስኪሰማት ድረስ አበረታቷት። ሁለተኛ፣ በእነሱና በእኛ መካከል ልዩነት አለ። በብሉበርድ ጥሩ ሰሚ ማለት ዝም የሚል ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ዝም የሚል ሰሚ ሥራውን ያልሠራ ሰሚ ነው። እነሱ ዘፋኛቸውን በአካል ሄደው ካላዩ አንድ ደስታ ይቀርባቸዋል። እኛ ሄደን ካላየን ግን ዘፈኑ ራሱ ይቀራል።

በአገራችን በእስራኤልስ? ለብዙ ዓመታት የእኛ ድምፅ በሌሎች ሰዎች ዘፈን ውስጥ ነበር የሚሰማው። በ2002 የወጣው የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት የመጀመሪያ አልበም አማርኛን በብዙ የእስራኤል ሬዲዮ አድማጮች ጆሮ ውስጥ አስገባ። ወላጆቻችን መኪና ውስጥ አማርኛ ከሬዲዮ ሲሰሙ ምን ያህል እንደተደሰቱ አሁንም ያወራሉ። በ2020 ደግሞ እዚሁ ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ እስራኤልን ወክላ ወደ ዩሮቪዥን እንድትሄድ ተመረጠች። ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጀመሪያዋ ነበረች። ዘፈኑ «ፍቅር ልቤ» ይባላል፤ አማርኛ አለበት። የጻፉት ግን ዶሮን ሜዳሊየና ኢዳን ራይኸል ናቸው። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2021 በሌላ ዘፈን ወደ ሮተርዳም ሄዳ ለመጨረሻው ዙር አልፋ 17ኛ ሆነች። ይሄን እንደ ነቀፋ አትውሰዱብኝ። እኔም ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ፣ ኮርቼባታለሁ። የምለው ሌላ ነው። ድምፁ የእኛ ሆኖ ቃሉ የሌላ ሰው ሲሆን፣ ዘፈኑ ስለ እኛ የሚናገረው ሌላው ሰው ስለ እኛ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው።

የራሳቸውን ቃል የጻፉ ደግሞ አሉ። አስቴር ራዳ በ1985 በቂርያት አርባ ተወለደች። በእንግሊዝኛ ጽፋ የራሷን አልበም በ2014 አወጣች። «ናኑ ነይ»ንም ዘፍናለች፤ እሱ የሙሉቀን መለሰ ዘፈን ነው፣ ሙሉቀንም በ2024 አረፈ። ጊሊ ያሎ ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር በሱዳን በኩል በእግር ከመጡት አንዱ ነው። በ2017 በስሙ የሰየመውን አልበም አወጣ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ። በ2019 ያወጣውን አጭር አልበም «ሜድ ኢን አምሓሪካ» ብሎታል። አማርኛንና አሜሪካን በአንድ ቃል መስፋቱ ነው። ይህ የአዝማሪ ጨዋታ ነው። ሁለቱም የሚያሳዩት ከእኛ መካከል ጽፎ መዝፈን የሚችል ሰው እንዳለ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ታዋቂዎች ናቸው፣ ለትልቅ መድረክ ደርሰዋል። እኔ ይበልጥ የምሟገትለት ገና ስም የሌለውን ወጣት ነው። ለዚህም ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በሐኑካ ሰሞን በሰፈራችን በአንድ ትንሽ አዳራሽ አንድ ወጣት ማሲንቆ ይዞ ቀረበ። ስሙን የማልጽፈው ታዋቂ ሰው ስላልሆነና ፈቃዱን ስላልጠየቅሁት ነው። ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ ወደ እስራኤል ከመጣ ጥቂት ዓመት የሆነው ልጅ ነው። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ከወንበሮቹ ግማሹ ባዶ ነበር። ከፊት እናቶችና አባቶች በጋቢና በነጠላ ተቀምጠዋል። ከኋላ እኛ ከነስልካችን።

ልጁ ደጋኑን በሙጫ ካሸ በኋላ ጀመረ። የዘፈናቸው የራሱ ዘፈኖች ነበሩ። አንዱ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ስለሚጠብቅ ሰው ነው። ሾፌሩ «ቦከር ቶቭ» ሲለው ለእሱ ግን ገና «ላይላ ቶቭ» መሆኑን በአማርኛ ግጥም ውስጥ ዕብራይስጡን አስገብቶ ቤት አስመታው። ሌላው ጎንደር ስለቀረች እህቱ ነው። ተራዋን እየጠበቀች ናት። እሱ ሲመጣ ሕፃን ነበረች፣ አሁን በስልክ መስታወት ውስጥ ታድጋለች። እንደዚህ ያለ ቤተሰብ በሰፈራችን ብዙ ነው። ይህን ዘፈን በዕብራይስጥ ማንም አልጻፈልንም፤ በአማርኛም ከአገር ቤት ሊመጣልን አይችልም። ሊጽፈው የሚችለው እዚህ የሚኖር፣ ግማሹ እዚያ የቀረበት ሰው ብቻ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አያቴ «ተቀበል!» አሉ። እውነቱን ለመናገር አያቴ እንዲህ ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ናቸው። ልጁ «እቀበላለሁ፣ እማማ!» አለና ደጋኑን ዝቅ አደረገ። አያቴም እንዲህ አሉ፦

ብርዱ ጠና ይላል ጎረቤቴ ወጥቶ፤
እኔን አይሰማኝም ልጅ ጎኔ ተኝቶ።

ከኋላ የነበርነው ሳቅን። ሰሙ ያስቃል። ያን ሰሞን የኢየሩሳሌም ብርድ ጠንቶ ነበር፣ አሮጊቶቹም ሁሉ ስለ ብርድ ነበር የሚያወሩት። አያቴ ግን የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ስለሚተኛ ብርዱ እንደማይሰማቸው ተናገሩ። ጥሩ ቀልድ ነው። ከፊት የነበሩት እናቶች ግን አልሳቁም። አንዷ «ወይ ጉድ» ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ልጁ ስንኙን ተቀብሎ እንደተባለው ዘፈነው። ደገመው። በሦስተኛው ጊዜ ግን ዜማውን የሚያሳርፍበትን ቦታ ለወጠው። «እኔን አይሰማኝም ልጅ» ካለ በኋላ ቆመ። ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ሄደ። እሱ ደግሞ ፊቱን ወደኋላ ወንበር፣ ወደ እኛ አዞረ። ከዚያ «ጎኔ ተኝቶ» ብሎ ጨረሰ። ያኔ ወርቁ ወጣ። ስንኙ ስለ ብርድ አልነበረም። ልጁ አጠገቤ ተኝቶ እንኳ እኔን አይሰማኝም፣ የምናገረውን አያውቀውም ማለታቸው ነበር። ከኋላ ሳቁ ቆመ።

ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ቀርጾት ስለነበር ቪዲዮውን በኋላ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ድምፁ ጥሩ ነው። ቪዲዮው ላይ ግን አያቴ አይታዩም፤ ስንኙን ሲናገሩ ያለው ድምፅም በሳቃችን ተሸፍኗል። የሚታየው ልጁ ብቻ ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ግጥሙን የዘፋኙ ነው ብሎ ያስባል። ፊቱን ወደ ማን እንዳዞረም አያውቅም። «በስልክ መስማት አይበቃም» ያልኩት ይህን ነው። ስልክ የሚይዘው የተዘፈነውን ነው እንጂ ማን ለማን እንደተናገረ አይደለም።

እንግዲህ ሊቃወሙኝ የሚችሉ ሰዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። በየተራ ልመልስላቸው።

የክፍል ጓደኞቼ «ማሲንቆ የሠርግ ነው፣ የሽማግሌ ነው፣ እኛ ሂፕ ሆፕ አለን» ይላሉ። እኔም ሂፕ ሆፕ እሰማለሁ። ነገር ግን ሂፕ ሆፕ ምንድን ነው? ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ በቦታው በፈጠረው ግጥም መወጋጋት፣ በክብ የቆመው ሰው ደግሞ መጮህ አይደለም? አያቶቻችን ይህን ከእኛ በፊት ሲያደርጉት ኖረዋል። ባለ ክራሯ አስናቀች ወርቁ፣ በ2011 ያረፈችው፣ በፈጣን ግጥሟ ነበር የምትፈራው። ስለዚህ አዲስ ነገር ውደዱ አልላችሁም። የምትወዱትን ነገር በአያቶቻችሁም ቤት ታገኙታላችሁ ነው የምለው።

ሌሎች «አማርኛው አይገባንም፣ ሄደን ምን እናደርጋለን?» ይላሉ። ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። አማርኛችን የኩሽና አማርኛ ነው። «ብላ»፣ «ና»፣ «በሩን ዝጋ» ይገባናል፣ ወርቁ አይገባንም። ነገር ግን እስኪገባን ድረስ ቤት እንቀመጥ ካልን መቼም አይገባንም። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲስቅ «ለምን ሳቁ?» ብሎ አጠገብ ያለውን መጠየቅ ይቻላል። ከመጽሐፍ በአንድ ወር የማላገኛቸውን ቃላት በአንድ ምሽት ያገኘሁት እንደዚህ ነው። «ጠና» ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። ከከተማችን መሀል ካለችው የኢትዮጵያ ጎዳና ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። ይህ ሰው በ1881 ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ዕብራይስጥን በቤቱ የሚናገር ልጅ አልነበረም። እሱ በ1882 ከተወለደው ልጁ ጋር ሌላ ቋንቋ አልናገርም አለ። ዛሬ እኛ የምንማርበት ቋንቋ የዳነው መዝገበ ቃላት በመጻፉ ብቻ ሳይሆን አንድ ልጅ አባቱን በመስማቱ ጭምር ነው። የአያቴ ስንኝ እኮ ይኸው ነው፤ ጎን የተኛው ልጅ ይስማ ነው።

ወላጆች ደግሞ «ልጄ በአዝማሪ ምን ያደርጋል? ባግሩቱን ይያዝ» ይላሉ። ባግሩቱን እንይዛለን። ሙዚቃም በባግሩት ይፈተናል። ይልቅ ወላጆቼን፣ አክስቶቼንና አጎቶቼን በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቃቸው። በሠርግ ላይ አዝማሪ ሲያወድሳችሁ ደስ ይላችኋል፣ ገንዘብም ትሸልሙታላችሁ። ያው ሰው ልጃችሁን «ማሲንቆ ላስተምርህ» ቢለው ለምን ታፍራላችሁ? የምንወደውን ሥራ የሚሠራውን ሰው መናቅ ትክክል አይመስለኝም። አባቶቻችን አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ ብቻ በጎንደር ሲናቁ ኖረዋል። በእጅ ሥራው መናቅ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በአፉና በእጁ የሚያድረውን ሰው ከሁሉ በፊት ማክበር ያለብን እኛ ነን።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ዩትዩብ ላይ በነፃ አለ፣ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ድሮ ዘፋኝ ካሴትና ዲስክ ሸጦ ይኖር ነበር። ዛሬ ዲስክ የሚገዛ የለም። ከስልክ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ብዙ ሰሚ ለሌለው ዘፋኝ የአውቶቡስ ዋጋ አይሆንም። ወጣት ዘፋኝ የሚኖረው በአካል መጥቶ በሚከፍል ሰው ነው። ያ ልጅ በዚያ ምሽት ባዶ ወንበሮቹን አይቷል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካየ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። እኛም ያኔ «ባህላችን ጠፋ» ብለን ለስግድ በዓል ንግግር እናደርጋለን። ስግድ በ2008 የአገሪቱ በዓል ሆኖ በሕግ ጸድቋል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ በሕግ የሚጠበቅ ባህል፣ የቀሩትን ቀኖች የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቅርስ ትምህርት ክፍላችን በየመንፈቁ አንድ ጊዜ ማሲንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ወጣት ይጋብዝ፣ ድካሙንም ይክፈለው። «ለማኅበረሰቡ ብለህ በነፃ» ማለት ይቅር። የሂሳብ መምህር በነፃ አይጠራም።

ሁለተኛ፣ ስንጋበዝ ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ። አንድ ወጣትና አንድ አያት ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ ሽማግሌ ከፊት፣ ወጣት ከኋላ አይሁን። ያን ሌሊት በእኛና በእናቶቹ መካከል ሦስት ረድፍ ባዶ ወንበር ነበር። ወርቁን የሚያውቁት ከፊት፣ የማያውቁት ከኋላ ከተቀመጡ ማን ለማን ያስረዳል?

ሦስተኛ፣ ስልካችንን ለአንድ ዘፈን ብቻ እናውጣ። አንድ ዘፈን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ኪስ ውስጥ ይግባ።

አራተኛ፣ በዚህ ክፍል የምንማር ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዳችን ሁለት ስንኝ እንጻፍ። ሰምና ወርቅ ባይኖረውም ግድ የለም፣ ቤት ይምታ እንጂ። ፈተናውም ወረቀት ላይ አይሁን። አዝማሪ ተጋብዞ እያንዳንዳችን ተነሥተን «ተቀበል!» እንበል። ይህ ከባድ ፈተና ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የማይረሳ ፈተና ይሆናል።

አምስተኛ፣ ከሰፈራችን ውጭ ያለውንም እንወቅ። በከተማችን የሚገኘው ኮንፌዴሬሽን ቤት «ሁሉገብ» የሚባለውን የኢትዮጵያ እስራኤላውያን የጥበብ ፌስቲቫል ለብዙ ዓመታት ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ከቂርያት መናሔም ወደዚያ በአውቶቡስ መሄድ ይቻላል። ወደ ገበያ ማዕከል ለመሄድ አውቶቡስ የማይርቀን ሰዎች ለዚህ ጊዜ ራቀን ማለት የለብንም።

ውድ አንባቢዎች፣ «ባህል ይጠበቅ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፣ እኔም ሰምቻለሁ። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነው። አንድ ምሽት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ትኬት ነው። አዝማሪ አይጠፋም ብዬ አስባለሁ፤ ከጎንደር አንድ ይመጣል፣ ከእኛም አንድ ይነሣል። ሊጠፋ የሚችለው ከወንበሩ ተነሥቶ ስንኝ የሚሰጠው ሰው ነው። አያቶቻችን ዛሬ አሉ፣ ስንኝም አላቸው። ከእነሱ በኋላ «ተቀበል!» የሚለው ማን እንደሚሆን የምንወስነው እኛ ነን። እንግዲህ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሦስቱ ባዶ ረድፎች ሞልተው ይጠብቁት።